ከግራው ጎማ ጀርባ ያለችው ባትሪ

ለወንድም ጋሼ ወልደሩፋኤል፣ ቡታጅራ

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? በስልክ ስጠይቅህ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነው መልስህ፤ አንተ ግን ታመህም ደህና፣ ደክሞህም ደህና ስለሆንክ በወረቀት ደግሜ እጠይቅሃለሁ። ብርድ ሲሆን ዓይንህ ያነባል ያለችኝ ባለቤትህ እትዬ ዘርትሁን ናት፤ አሁን ተሻለህ? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? ቤተ ክርስቲያን ደርሳ መመለስ ቻለች ወይስ አሁንም ከበር ተሳልማ ነው የምትመለሰው? በርበሬው ዘንድሮ እንዴት ያዘላችሁ? እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሳችሁ፤ በሰላም ያስፈጽማችሁ።

እኔ በፈጣሪ ቸርነትና በእናንተ ጸሎት ደህና ነኝ። ጥር ላይ ሳል ይዞኝ ነበር፤ የጅጅጋን ነፋስና አቧራ አንተ ታውቀዋለህ፣ ሳል ሳያስይዝ አያልፍም። አሁን ለቆኛል። ሥራም አለ። ባጃጁ በዝቷል፣ ሚኒባሱ በዝቷል፣ የሚበላሽ ነገር እግዜር ይስጠው አይጠፋም። የጋራዡን ቆርቆሮ ባለፈው ክረምት አስቀይሬዋለሁ። ስምህ ግን እስከ ዛሬ በሩ ላይ አለ፤ ቀለም ሲደበዝዝ ራሴ በብሩሽ አድሰዋለሁ።

ይህን ወረቀት ማን እንዳመጣልህ አይተሃል። አዴር ዐቦኮር ፊት ለፊትህ ተቀምጠዋል፤ የጅጅጋው ጎረቤትህ፣ የባትሪና የመለዋወጫ ነጋዴው፣ አንድ ቀን ሳታገኛቸው ውለህ የማታውቃቸው ሰው። ደጅ ያሰሩትንም እንስሳ አይተህ ሳትገረም አትቀርም። ለምን እንደመጡ አንተ አንብበህ እስክትጨርስ አይነግሩህም፤ እንደዚያ ተነጋግረናል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልህ ብዬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ነገሩ ዓይንህ የጠፋበት ቀን ነገር ነው። አራት ዓመት ከሦስት ወር ሆዴ ውስጥ ያኖርኩት ነገር አለ፤ ዛሬ እነግርሃለሁ። እንዳወጣው ያደረገችኝ አንዲት መኪና ስለሆነች ግን በእሷ በኩል ልምጣ። እባክህ ታገሠኝ፣ ወረቀቱንም እስከ መጨረሻው ሳታነብ አታስቀምጠው።

መጀመሪያ አንድ የማታውቀውን ነገር ልንገርህ። እዚህ ስም ወጥቶልኛል። ሶማሌ ቅጽል ስም ሳያወጣለት የሚኖር ሰው እንደሌለ ታውቃለህ፤ አንካሳውን አንካሳ፣ ረጅሙን ረጅም ይሉታል፣ ባለቤቱም አይቀየምም። እኔን «ሰዲህ ጀር» ይሉኛል፤ ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ባትሪ ከመንካቴ በፊት ማጥፊያውን አንዴ አያለሁ፣ ደግሜ አያለሁ፣ ሄጄ ተመልሼ ደግሞ አያለሁ። ደንበኛ ቸኩሎ ቢቆጣም አልሰማም። ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ መኪናዋ ልምጣ። ከዐሥራ አምስት ቀን በፊት አንዲት ሴትዮ መጣች፣ ኢስተሂል ትባላለች። ስድሳ ዓመት አልፏታል። ለንደን ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ ወጥታ የገባች ናት። «አንቱ» ስላት ተቆጣችኝ፤ በተሰባበረ አማርኛዋ «እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ አታብዛኝ» አለችኝ። ስለዚህ ዐቦኮርን አዴር፣ አጎቴ፣ እንደምንላቸው፣ እሷንም እንደ ሠፈሩ ልጆች ኢዶ እላታለሁ፣ አክስቴ እንደማለት። ከለንደን በበርበራ ወደብ በኩል ያስመጣቻት መኪና አለቻት፤ የውድድር መኪና፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ቀይ፣ ቁመቷ ወገቤ የማይደርስ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰማንያ ሰው ከኋላዋ ጭና ስትነዳ፣ አንድ ቀን ማንም የማይሳፈርበት መኪና እገዛለሁ ብላ ስትመኝ ኖራ ነው የገዛቻት። አንድ ሰው ብቻ ልትጭንባት ቃል ገብታለች፤ ሐርተሼክ ከተማ ያሉትን እናቷን። እናትየው ዘጠና ሊሆናቸው ነው፣ ታመዋልም። «ልጄ ለራሷ የገዛችውን ሳላይ አልሞትም» ብለዋል አሉ።

ኢዶ ኢስተሂል ሁለት ወር ለንደን ልጆቿ ዘንድ ሰንብታ ስትመለስ መኪናዋ ድምፅ የላትም። ባትሪዋ ሞቷል። ባትሪ መቀየር ምን ሥራ ነው ትለኝ ይሆናል፤ እኔም እንደዚያው ብዬ ከተለመደው ቁልፍ ሌላ ሳላነሳ መኪናዋ ወደቆመችበት ሄድኩ። ኮፈኗን ብከፍት ባትሪ የለም። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የኋላውን ከፈትኩ፣ እዚያም የለም። ከወንበር ሥር ፈለግሁ፣ የለም። ኢዶ ኢስተሂል የመኪናዋን መጽሐፍ አወጣች፤ እንግሊዝኛውን ወደ ሶማልኛ ስትመልስ፣ አዴር ዐቦኮር ሶማልኛውን ወደ አማርኛ ሲመልሱ፣ ግማሽ ቀን ፈጅተን ደረስንበት። ባትሪዋ ከግራው የፊት ጎማ ጀርባ፣ ከፓራፋንጎው፣ ከጭቃ መከላከያው፣ ፕላስቲክ ውስጥ ተሸጉጣለች። ክብደት እንዲመጣጠን ብለው ነው አሉ። የሠራት ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ ባትሪ ቀይሮ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ሞክሮ ነበር። ክሪክ አምጥቶ ከሥሯ አስገብቶ ሲያነሳ «ቀጭ» አለ። መኪናዋ ብረት አይደለችም፣ አካላቷ ፋይበር ነው፤ ክሪክ ያለቦታው ከገባ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰነጠቃል። ኢዶ ኢስተሂል በጃንጥላ አባረረችው። ስንጥቁን አሳየችኝ፣ እጇን አስቀምጣበት፣ ልጅ እንደወደቀባት እናት። እና ጎማውን ሳንፈታ ባትሪው አይደረስም፣ ጎማውን ለመፍታት መኪናዋ መነሳት አለባት፣ ክሪክ ደግሞ የተከለከለ ነው።

መላውን ያመጡት አዴር ዐቦኮር ናቸው። የከሰዓቱ የአስር ሶላት እስኪያልቅ ጠብቁ አሉን። ከፊት ለፊታችን ካለው መስጊድ ሰው ሲወጣ መንገዱ መሐል ቆመው በሶማልኛ ጮኹ፤ «ወንድሞች፣ የአንዲት እናት ጉዳይ ነው፣ እጃችሁን ለትንፋሽ ያህል አበድሩን» አሉ። ሰባት ሰው መጣ። አንዱ የጫት ነጋዴ ነው፣ አንዱ አስተማሪ፣ ሁለቱ ባጃጅ ነጂ ናቸው፤ ሌሎቹን አላውቃቸውም። እኔ አስቀድሜ የጎማውን ብሎኖች አላላሁ። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው በግራ በኩል የብረት አጥንቷ ያለበትን ጠርዝ ይዘው ወደ ላይ አነሷት። ያን ያህል ቀላል መሆኗ ገረመኝ። የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ እንደሚነሳ አድርገው ቀስ ብለው አነሷት፣ እኔም ጉማጅ እንጨት ከሥሯ አስገባሁ። ኢዶ ኢስተሂል አለቀሰች። ለንደን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ስነዳ አንድ ሰው ለእኔ እጁን አበድሮኝ አያውቅም አለች። ከሰባቱ አንዱም ስሟን እንኳ አልጠየቀም፤ እጃቸውን አራግፈው ወደ ጉዳያቸው ሄዱ።

ጎማውን አወጣሁ፣ የፕላስቲኩን መከለያ ፈታሁ። ከውስጥ አንድ ጥቁር ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ ባትሪው አይታይም። በሆዴ ተኝቼ ክንዴን እስከ ብብቴ አስገባሁ። ሁሉም ነገር በዳሰሳ ነው። አንተ እንዳስተማርከኝ ኔጌቲቩ ይቀድማል፤ የቁልፉን እጀታ በጎማ ጠቅልዬዋለሁ፣ ሰዓቴን አውልቄ ለአዴር ዐቦኮር ሰጥቻለሁ። ዐሥር ቁጥር ቁልፉን በጣቴ እየመራሁ ብሎኑ ላይ አደረስኩት። ገጠመ። ልፈታ ስል ከበስተጀርባዬ የጎረቤቱ ሱቅ ጄኔሬተር «ዱር» ብሎ ተነሳ። መብራት ጠፍቶ ነበር።

ወንድም ጋሼ፣ እጄ ከዳኝ። ቻርጀር የለም፣ የተሰካ ነገር የለም፣ ባትሪው የሞተ ባትሪ ነው፤ የሚያስፈራ ነገር እንደሌለ እኔ አውቃለሁ፣ እጄ ግን አያውቅም። ቁልፉን ማዞር አቃተኝ። ማውጣትም አቃተኝ። አዴር ዐቦኮር ተይዞብህ ነው ወይ አሉኝ። ክንዴን ጎትተው አወጡልኝና መሬት ላይ አስቀመጡኝ። እዚያው ከጎማው አጠገብ፣ ኢዶ ኢስተሂልም እየሰማች፣ ሁሉንም ነገር ነገርኳቸው። አሁን ለአንተ የምጽፈው ለእሳቸው የተናገርኩትን ነው።

ኅዳር 2011፣ ሐሙስ ቀን ነው። የአንድ ሚኒባስ ባትሪ ከጧት ጀምሮ ቻርጅ ላይ ነበር። ከሰዓት መብራት ሄደ። አንተ ወደ አዴር ዐቦኮር ሱቅ ስትሻገር «ቻርጀሩን አጥፋው፤ መብራት ሲመጣ በራሱ እንዳይነሳ» አልከኝ። እኔም «እሺ» አልኩ። ማጥፊያው ከጠረጴዛው ሥር ነው። ማጎንበስ ሰለቸኝ። መብራት የለ፣ ምን ይሆናል አልኩ። ወንድም ጋሼ፣ ከዚህ የተለየ ምክንያት የለኝም፤ ብዙ ጊዜ ፈልጌ አጥቻለሁ። ማጎንበስ ሰልችቶኝ ነው። ከዚያ ሻይ ልጠጣ ተሻገርኩ።

መብራቱ ሲመጣ እኔ ሻይ ቤት ተቀምጫለሁ። የጎረቤቱ ጄኔሬተር ገና ስላልጠፋ የቻርጀሩ ድምፅ አይሰማም። አንተ ተመልሰህ ገብተህ ከውስጥ ጮኸህ «መልአክ፣ አጥፍተኸዋል?» አልክ። እኔ ብርጭቆዬን እንደያዝኩ ከመንገዱ ማዶ «አዎ!» አልኩህ። ያቺ «አዎ» ናት። አንተ አምነህ መቆንጠጫውን ከባትሪው ላይ ስታነሳው ብልጭታው ወጣ፣ ባትሪውም ፈነዳ።

ሮጬ ገባሁ። አንተ ወድቀሃል፣ ፊትህን ይዘሃል። ከዚህ በኋላ ያለውን ለመጻፍ ነው እስክሪብቶዬን አራት ጊዜ ያስቀመጥኩት። አንተን ከማንሳቴ በፊት ከጠረጴዛው ሥር ገብቼ ማጥፊያውን ነካሁት። ያኔ ማጎንበስ አልሰለቸኝም። ውሃ በጄሪካን ይዘው ሮጠው ፊትህ ላይ ያፈሰሱት አዴር ዐቦኮር ናቸው፤ እኔ ማጥፊያውን እያጠፋሁ ነበር። ከዚያ ለመጣው ሁሉ፣ ለሐኪሙም፣ ለእማዬም «ባትሪው ብልሹ ነበር» አልኩ። አንተም ፋሻህን እንዳደረግክ «ብልሹ ነበር» አልክ። አምነኸኝ መሰለኝ። በአንድ ዓይን ርቀት መለካት አልቻልኩም ብለህ ጋራዡን ለእኔ ትተህ ወደ አገር ስትገባም ቁልፉን መርቀህ ነው የሰጠኸኝ። አራት ዓመት ሙሉ የበላሁት እንጀራ ያንተ ዓይን ነው፤ በየፋሲካው «ሥራ በዛብኝ» እያልኩ የቀረሁትም አንተን ማየት ፈርቼ ነው እንጂ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

ይህን ተናግሬ ስጨርስ አዴር ዐቦኮር ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ሰዓቴን ከኪሳቸው አውጥተው እያዩ «ረጅም ጊዜ ወሰደብህ» አሉኝ። አልገባኝም። ከዚያ ነገሩኝ። ወደ ቡታጅራ ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀርህ ሱቃቸው ገብተህ፣ የባትሪ ካርቶን ላይ ተቀምጠህ፣ እንዲህ ብለሃቸዋል፤ «የቻርጀሩን ቀይ መብራት አይቻታለሁ። እጄ ቀደመኝ እንጂ አይቻታለሁ። ቀኝ ዓይኔ በዚህ ዓለም መጨረሻ ያየው እሷን ነው። ልጁ ማወቄን አያውቅም። ካወቀ ቁልፉን ጥሎ ይጠፋል፤ ሙያው ይቅርና ሰውም አይሆን። አደራ፣ ዐቦኮር።» እሳቸውም አደራቸውን አራት ዓመት ጠበቁ። አሁን ያፈረሱት እኔ ቀድሜ ስለተናገርኩ ነው፤ ስለዚህ እንዳትቀየማቸው።

እፎይ ያልኩ ይመስልሃል? መጀመሪያ የመጣብኝ እፍረት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስልክ በዘጋን ቁጥር «አንዴ አይተህ አትመን፣ ደግመህ እየው» ትለኝ የነበረው ትዝ አለኝ። የታላቅ ወንድም ምክር ነው ብዬ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈስሰው ነበር። አንተ ግን ሁሉን እያወቅህ በየሳምንቱ እኔን ነበር የምትጠብቀው። የሆድህን በሆድህ ይዘህ፣ ዓይንህንም አጥተህ፣ የእኔን እጅ ነበር የምትጠብቀው።

ኢዶ ኢስተሂል ከዚያ ተነስታ ውሃ አመጣችልኝና «ፊትህን ታጠብ፣ እናቴ እየጠበቀች ነው» አለችኝ። ደግ ሴት ናት፤ ከዚያ የተሻለ የምትለኝ ነገር አልነበረም። ታጥቤ ተመልሼ በሆዴ ተኛሁ። ክንዴን አስገባሁ። ጄኔሬተሩ አሁንም ይጮሃል። ኔጌቲቩን ፈታሁ፣ ፖዘቲቩን ፈታሁ፣ ማሰሪያውን በጣቴ አላቅቄ ባትሪውን በጎኑ አዙሬ አወጣሁት። የእሷ ዓይነት ባትሪ ጅጅጋ ውስጥ የለም፤ አዴር ዐቦኮር ከሱቃቸው ጥግ የአንድ ትንሽ መኪና ባትሪ አግኝተው አመጡልኝ። በልኩ ገባ፣ ጫፎቹ ግን ለሽቦው ማሰሪያ ቀጠኑ። አንተ ያሳየኸኝን መላ አደረግሁ፤ ካሮጌ ባትሪ ላይ እርሳስ ቆርጬ ቀለበት አድርጌ አለበስኳቸው። ልክ ሆነ። አራት ሰዓት ሙሉ ከፈጀ በኋላ ኢዶ ኢስተሂል ቁልፉን አዞረች። ድምፅዋ ከአካሏ ይበልጣል። መንገደኛው ሁሉ አጨበጨበ፤ ጎማውን እንዳላሰርኩ ማንም አላስተዋለም፤ እኔም ጭምር።

ከሁለት ቀን በኋላ ከእናቷ ጋር መጣች። እስከ ሐርተሼክ የሄደችው በአውቶቡስ ነጂ ትዕግሥት ነው፤ ድንጋይ ባየች ቁጥር እየወረደች አንስታ፣ የመኪናዋን ሆድ እያዳነች። እናትየው ተሳፋሪ ወንበር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ሲያዩኝ በመስኮቱ እጃቸውን ሰጡኝ። መኪናዋን እንዴት አገኟት ብላቸው «ልጄ ሠላሳ ዓመት ሠርታ ግማሽ መኪና ገዛች» አሉ። ከዚያ ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት፤ አንጀቴን በልተውኝ ነበር። እሳቸው ለማየት የፈለጉትን አይተዋል። እኔም ያን ቀን እማዬን አሰብኩ፣ አንተንም አሰብኩ።

ወዲያው ስልክ ልደውልልህ ስል አዴር ዐቦኮር ስልኬን ከእጄ ቀሙኝ። በእነሱ ዘንድ ሐል የሚባል ነገር አለ። ሰው ሰውን ከጎዳ፣ የተጎዳው ቀድሞ ቢምር እንኳ፣ የጎዳው በሽማግሌ ፊት «ጎድቻለሁ» ብሎ አንድ ነገር ሳያስይዝ ቁስሉ አፉን ይከድናል እንጂ አይድንም ይላሉ። «ይቅርታ ባዶ እጁን አይሄድም፣ ብቻውንም አይሄድም፣ በስልክማ ጭራሽ አይሄድም» አሉኝ። ታዲያ ማን ይሄድልኛል ብላቸው ተቆጡ፤ ማን ይመስልሃል፣ ውሃውን ያፈሰስኩ እኔ አይደለሁም ወይ አሉኝ። በዚህ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ወገባቸው፣ በአይሱዙ የካራማራን ተራራ ተሻግረው እስከ ቡታጅራ ለመምጣት ተነሱ።

በጉንም እሳቸው ናቸው የመረጡት። ቁስሉ የደረሰው ጅጅጋ ነው፣ ሐሉም ከጅጅጋ ይሄዳል ብለው ከእንስሳው ገበያ ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ የሆነውን አመጡ። የሰፈርህ ሰው በግ ነው ፍየል ነው ብሎ ሳይከራከር አይቀርም። በጉ መኪና ላይ ከወጣ በኋላ «አዴር፣ እኛ እኮ ጾም ነን» አልኳቸው። ያኔ ብታያቸው ትስቅ ነበር። ጢማቸውን ይዘው «እኛም ረመዳን እየመጣ ነው፤ መጠበቅ የሚችል ሰው ለመጠበቅ አይቸገርም፤ በጉም ይጠብቅ» አሉ። እንግዲህ እንዲህ ሆኖ ነው ደጅህ የታሰረው።

ስለዚህ የምለምንህ ይህን ነው። ጎድቼሃለሁ። ዋሽቼሃለሁም። ከልብህ ከሆነ በጉን ግቢህ ውስጥ እሰረው፤ እኔ ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ሥራ በዛብኝ አልልም፣ አብረን እናርደዋለን። ከባድ ከሆነብህ ግን መልስህን ከአዴር ዐቦኮር ጋር ላከው፤ በጉም በዚያው መኪና ይመለስ፤ አልቀየምም፣ የመቀየም አፍም የለኝም። «ድሮም ምሬሃለሁ» ብለህ ብቻ እንዳታልፈኝ። እኔ የምፈልገው በእጅህ እንድትቀበለኝ ነው።

እማዬን ጉልበቷን ስሜልሃለሁ በልልኝ፤ እውነቱን ግን ራሴ መጥቼ እነግራታለሁ፣ አንተ አትንገርብኝ። እትዬ ዘርትሁንን በጣም በጣም ናፍቄሻለሁ በልልኝ፤ አራት ዓመት ዓይንህን ያጠበችልህ እሷ ናት፣ የእሷንም ሐል ይዤ እመጣለሁ። ልጅህ ማቲዎስ በትምህርቱ ይበርታ፤ ሳምራዊትም ጥርሷ እንዴት እንደሆነ ጻፉልኝ። ለሁለቱም ንገርልኝ፣ ለበጉ ስም እንዳያወጡለት፤ ስም ያወጡለትን በግ ማን ያርደዋል? አዴር ዐቦኮር «እናንተ ስትጾሙ ሥጋ አልበላም» ቢሉ አትፍቀድላቸው፤ ከሙስሊም ሉካንዳ አስመጣላቸው፤ እሳቸው አልጾሙም፣ እንግዳ ናቸው። ለአንተም፣ ለሚያየው ዓይንህም ለማያየውም፣ ከዚሁ ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

በጉ ግን ሩቅ መንገድ ነው የመጣው። ምንም ብትወስን መጀመሪያ ውሃ አጠጡት።

ታናሽ ወንድምህ
መልአክ

ጅጅጋ
የካቲት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.